ማሳሰቢያ፦ ዶፍ ፍለጋ ሁምቦ ለምትወርዱ

በልግ በገባ ቁጥር፣ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲቆለል አይታችሁ፣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ሞተር ወይም ባጃጅ ተኮናትራችሁ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሁምቦ ለምትወርዱ ወጣቶች፤ ለምታመላልሷቸው አሽከርካሪዎች፤ ልጃችሁ «መብረቅ ልቀርጽ ነው» ብሎ ሲወጣ ለምትሸኙ ወላጆች፣ ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው ለእናንተ ነው። ዶፍ ሲጥል ከወንዝ ራቁ፣ ሲያስገመግም ዛፍ ስር አትጠለሉ የሚለውን ምክር ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። የማሳስበው ስለ ሌላ ቀን ነው። ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ ደህና ቪዲዮ ሳታገኙ ስለምትመለሱበት፣ ደመናው ከላያችሁ ተበትኖ ፀሐይ ስለምትወጣበት፣ «ዛሬስ ከሰርን» ስለምትሉበት ቀን። ከሁሉም አስጊው እሱ ነው።

በአሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች፣ በእነ ካንሳስና ኦክላሆማ፣ ነጎድጓድና አውሎ ነፋስ ማሳደድ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። አሳዳጆቹ የራዳር ምስል በመኪናቸው ውስጥ ያያሉ፤ በየሰዓቱ የሚታደስ ትንበያ አላቸው። እንዲያም ሆኖ አብዛኛውን ቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው ባዶ እጃቸውን ነው የሚመለሱት። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከላይ የሚያልፍ ሞቃት የአየር ንጣፍ ነው። ከምድር ተነስቶ የሚወጣውን እርጥብ አየር እዚያ ሲደርስ እንደ ድስት ክዳን ይገታዋል። ክዳኑ ከጸና ቀኑ በከንቱ ያልፋል። ሲመሽ ከተከፈተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የታመቀው ሁሉ ባንዴ ይወጣል። ስለዚህ «አራት ሰዓት ጠብቀን ምንም የለም» ማለት «ከእንግዲህ ምንም አይመጣም» ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ ሌላም ነገር አለ፤ እሱም የአገሩ አቀማመጥ ነው። የዳሞታ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ያልፋል። ሶዶ በግርጌው 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አባያ ሐይቅ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ከተራራው ጫፍ እስከ ሐይቁ ዳር ጠንካራ እግረኛ ማልዶ ቢነሳ በቀን ይደርሳል፤ በዚያች አጭር ርቀት ግን መሬቱ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ሁምቦ ያለችው በዚህ ቁልቁለት ላይና እግሩ ስር ነው። በቀን ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ወደ ደጋው ይወጣል፤ እርጥበቱን ተራራው ላይ ያደርሰዋል፤ ሐይቁና የሐይቁ ዳር ሰማያቸው ይጠራል። የሶዶ ሰው ካፖርቱን ለብሶ በረዶ ሲወርድበት የሁምቦ ቆላ በፀሐይ የሚጠበሰው ለዚህ ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ቀርቶ ሳይሆን ከላይ ወርዶ አልቆ ነው። ውሃው ግን አላለቀም፤ መንገድ ላይ ነው።

የስልክ ትንበያም አይረዳችሁም። በስልካችሁ የምታዩት የደመናና የመብረቅ ሥዕል የሚሠራው ምድርን በካሬ በካሬ በሚከፋፍል ዓለም አቀፍ ስሌት ነው። የአንዱ ካሬ ጎን እንደ ስሌቱ ዓይነት 9 ኪሎ ሜትርም 25 ኪሎ ሜትርም ሊሆን ይችላል። ከሶዶ እስከ ሁምቦ ጠበላ ያለው የመኪና መንገድ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አንድ ነጎድጓዳማ ደመና ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ስፋቱ። ስለዚህ ስልኩ «ሁምቦ ነጎድጓድ» ሲላችሁ ዳሞታን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «ሁምቦ ፀሐይ» ሲላችሁም ከላይ የሚወርደውን አላየም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑና በየወቅቱ የሚያወጣው መግለጫም ለገበሬውና ለዞኑ አስተዳደር ጠቃሚ ነው እንጂ ይህ ወራጅ በዘጠኝ ሰዓት ይሞላል አይልም። ሊልም አይችልም።

በአንድ የሚያዝያ ከሰዓት ዶፍ ለመቅረጽ ከሚወርዱ ልጆች ጋር አብሬ ወርጄ ነበር። ሁምቦ ጠበላን አልፈን፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ደረቅ ወራጅ አጠገብ ቆምን። ጠበቅን። ማንጎ በሳፋ የምትሸጥ ልጅ መጣች፤ ገዛን፣ በላን፣ እጃችንን በሱሪያችን ጠርገን ደግሞ ጠበቅን። ከወደ ዳሞታ ሰማዩ ጠቁሯል፤ አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል፤ ድምፁ ግን አይደርሰንም። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ዝናብ ያመጣል መስሎን የነበረው ደመና እንኳ ሁለት ሦስት ጠብታ ጣል ጣል አድርጎ አቧራውን ሳያረጥብ ተወው። ልጆቹ ፊታቸው ጠቆረ። የባጃጁ ሒሳብ እየቆጠረ ነው፤ የሚለጠፍ ነገር የለም። አንዱ «ቢያንስ ወራጁ ውስጥ ገብተን ብልጭታውን ከሩቅ እናንሳው፤ አሸዋው ከፊት ሲገባ ያምራል» አለ። ሦስቱ ወረዱ።

ከማዶ ከብት የሚነዱ አንድ አዛውንት ቆመው አዩዋቸው።

«ልጆቼ፣ ውጡ ከዚያ! ዳሞታን አታዩም?»

«አባባ፣ እዚህ እኮ አልዘነበም» አላቸው አንደኛው።

«እዚህ ይዘንባል ማን አለህ» አሉና ከብቶቻቸውን ከወራጁ አርቀው ወደ ላይ ነዷቸው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ። ልጆቹ አይሱዙ መስሏቸው ወደ አስፋልቱ ዞሩ። ከዚያ በወራጁ መታጠፊያ ላይ ውሃው ብቅ አለ፤ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፤ ቡናማ አረፋ አዝሎ፣ ከፊቱ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የደረቀ እበት፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ እየገፋ አሸዋው ላይ ተዘረጋ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ስልኩን አዞረበት፤ በመጨረሻ የሚቀረጽ ነገር ተገኘ። ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ግን አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ በእጁ ለመያዝ ከሚፈጅበት አይበልጥም። ሦስቱም የወራጁን ገደል በእጅ በእግራቸው እየቧጠጡ ወጡ። ስልኩ ተርፏል፤ የቀረጸው እግርና ጭቃ ነው። እነሱ በወጡበት ሰዓት እኛ ላይ አንድ የረባ ደመና አልነበረም።

እዚህ ላይ ቁጥሩን እወቁት። እየሮጠ የሚሄድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ ያ ማለት ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ካለ፣ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ትንሽ መኪና ከመሬት ሊያነሳ ይችላል። 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ከመኪና እጅግ ይቀላል፤ ሞተር ሳይክል ደግሞ ሁለት ጎማ ብቻ ነው። ውሃው ብቻውን ስለማይመጣ ነገሩ ይብሳል፤ ግንድና ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጭቃው ስለሚያደፈርሰው ከስሩ መንገዱ ይኑር ወይም ተበልቶ ይሁን አይታይም። የወራጅ ዳር ላይ ቆሞ መቅረጽም ወራጁ ውስጥ ከመግባት ብዙም አይሻልም። ውሃው የገደሉን እግር ከስር ይበላዋል፤ ከላይ ሣሩ ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ባንዴ ይናዳል። ወላይታ ውስጥ ቦረቦር እንዴት እንደሚሰፋ ያየ ገበሬ ይህ አይነገረውም፤ እርሻው ዳር ቆሞ አይቶታል።

የብላቴን ወንዝ ደግሞ ከዳሞታ ወራጆች ለይታችሁ እዩት። ብላቴ ከጉራጌና ከስልጤ ደጋዎች ተነስቶ፣ በሐላባ አድርጎ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው በዚህ በኩል አባያ የሚገባው። እናንተ ጋ ሲደርስ የሚሞላው ትናንት ማታ በማታውቁት ወረዳ በዘነበ ዝናብ ሊሆን ይችላል። በአባላ አባያ ወረዳ በኩል ሐይቁም በቅርብ ዓመታት እየሞላ ዳርቻውን እየወሰደ ነው፤ ድሮ የምታውቁት መሻገሪያ ዛሬ የት እንዳለ ሳትጠይቁ አትግቡ።

ከደጋ የወረደ ዝናብ ቆላውን ሲፈጀው በአገራችን ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ድሬዳዋ ናት። በ1998 ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሌሊት በሐረርጌ ደጋ የወረደው ዝናብ ደቻቱን ሞላው፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሰው ገበያ የሚዘረጋበት ወራጅ ነው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። እነዚያ ሰዎች ጎርፍ ፍለጋ አልወጡም፤ ቤታቸው ነው የመጣባቸው። እናንተ ግን ፈልጋችሁ ነው የምትሄዱት።

ወደ ባዶው ቀን ልመለስ። ያንን ቀን አስጊ የሚያደርገው ውሃው ብቻ አይደለም፤ እኛው ነን። ገንዘብ ወጥቷል፣ ቀኑ ሄዷል፣ ጓደኛ ይጠብቃል፣ የሚለጠፍ ነገር የለም። ያኔ ሰው «ትንሽ እንጠጋ» ይላል። ትንሿ ትደጋገማለች። ጠዋት ላይ ከአስፋልቱ የማይወርደው ልጅ ከሰዓት ወራጁ ውስጥ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድልድይ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ሲመሽ ደግሞ በጨለማ፣ በእርጥብ መንገድ፣ መብራቱ በደከመ ሞተር ሦስት ሆኖ ወደ ሶዶ ይወጣል። በእኔ ግምት ከመብረቁ ይልቅ የዚያ ሰዓት መንገድ ነው የሚያሰጋው፤ ግን ማንም ስለ እሱ ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ አላየሁም።

«እኛ እናውቀዋለን» ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቲም ሳማራስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። አውሎ ነፋስን ለዓመታት ያጠና፣ መሣሪያውን ራሱ የሠራ፣ በሙያው ከሁሉ ጥንቁቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በግንቦት 2005፣ በኦክላሆማ ኤል ሬኖ አጠገብ፣ ከልጁ ከፖልና ከባልደረባው ከካርል ያንግ ጋር ሳለ አውሎ ነፋሱ ድንገት አቅጣጫና ፍጥነት ለውጦ፣ ስፋቱም ከ4 ኪሎ ሜትር አልፎ፣ መኪናቸው ውስጥ ደረሰባቸው። ሦስቱም ሞቱ። እኛ ዘንድ ያን የመሰለ አውሎ ነፋስ አይመጣም። ግን ያ ሁሉ መሣሪያና ዕውቀት ያላዳነውን ሰው እያየን ስልክና ባጃጅ ያድነናል ብለን ራሳችንን አንዋሽ።

ስለ መብረቅ የማሳስበው አጭር ነው፤ ሆኖም ተሳስቶ የሚነገር ብዙ ነገር ስላለ ማለፍ አልቻልኩም። መብረቅ ከዝናቡ ቀድሞ፣ ከዝናቡም ውጪ ይወርዳል፤ ከደመናው 10 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከላይ ሰማያዊ ሰማይ ባለበት ቦታ ሊመታ ይችላል። ብልጭታውን ካያችሁ ጀምሮ ቁጠሩ፤ ድምፁ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 30 ሳትደርሱ ካንጎደጎደ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ያኔ ሥራችሁ መቅረጽ ሳይሆን መግባት ነው። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። «አለፈ» ብሎ ቶሎ መውጣት የባዶው ቀን ሌላው ጠባይ ነው።

ቀይ ልብስ ማውለቅ አያድንም፤ መስታወት መሸፈንም አያድንም። ስልኩም መብረቅ አይስብም፤ የሚያስመታችሁ ስልኩን ይዛችሁ ገላጣ ሜዳ ወይም ኮረብታ አናት ላይ መቆማችሁ ነው። ጣሪያው ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና መጠለያ ነው። ባጃጅ አይደለም፤ ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ሸራ ነው። ሳር ቤት፣ ዳስ፣ የገበያ ድንኳን አይደሉም። ቆርቆሮ ከላይ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በጥቅምት 2017 በሰሜን ኡጋንዳ ፓላቤክ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ለጸሎት በተሰበሰቡበት መጠለያ ላይ መብረቅ ወርዶ 14 ሰው ሞቷል። መብረቅ የመታው ሰው ደግሞ ኤሌክትሪክ አይይዝም፤ ለመንካት አትፍሩ። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ፣ ፈጠን አድርጋችሁ፣ ሳታቋርጡ ተጫኑ፤ ሌላው ሰው በ907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። መብረቅ የመታው ብዙ ሰው ቶሎ ከተረዳ ይተርፋል።

ዛፍ ስር የሚለውን አልደግምም ብዬ ነበር፤ ለሁምቦ ግን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የሁምቦ ተራሮች የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ራቁታቸውን ነበሩ። ከ1999 አካባቢ ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች በሰባት ማኅበር ተደራጅተው፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ፣ 2,728 ሄክታር ከልለው ከቀሩት ጉቶዎች ጫካውን መልሰው አበቀሉት፤ የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድም ጫካው ለሚያምቀው ካርቦን ገዢ ሆነ። ያ ጫካ አፈሩን ይዞታል፣ የጎርፉን ጉልበት ቀንሶታል፤ በዚህ ማንም ሰው ሊኮራ ይገባል። ግን ጎርፉን አላስቀረውም። አሁን ደግሞ ዱሮ መጠለያ ያልነበረበት ኮረብታ ላይ ዛፍ ስላለ ሲያስገመግም ልጆች እየሮጡ እዚያ ስር ሲገቡ አያለሁ። ገበሬዎቹ ጫካውን ያለሙት ለዚያ አልነበረም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተናደ። የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው ተሰበሰበ፤ ጎረቤት፣ ፖሊስ፣ መምህር፣ የቀበሌ ሰው። እነሱ እየቆፈሩ ሳለ ከላይ ደግሞ ተናደ። በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡት ነበሩ። በዚያው ወር ማለቂያ ላይ በእኛው በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም መሬት ተንሸራቶ ከአሥር በላይ ሰው ገደለ። የሚረዳን ሰው አትሂድ አልልም፤ ወገን ነው፣ ይሄዳል። ነገር ግን ያን ዓይነት ቦታ ለማየትና ለመቅረጽ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ተመልካች በበዛ ቁጥር መንገዱ ይዘጋል፤ የረጠበው ቁልቁለት ላይ ክብደት ይጨመራል፤ የሚቆፍረው ሰው ከላይ የሚሰነጠቀውን መሬት ድምፅ አይሰማም። በቁልቁለቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያጋደለ ዛፍ ወይም አጥር፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ በስልካችሁ ለቀበሌው ደውሉ፤ ሰውን ወደ ጎን አውጡ እንጂ ወደ ታች አታሽሹ።

ቪዲዮውን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምታዩም አላችሁ። «ትንሽ ጠጋ በል» ብላችሁ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። አትጻፉ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ከወጣ የት ወራጅ ዳር እንደሚቆም፣ በስንት ሰዓትና በምን እንደሚመለስ ጠይቁ፤ ሳይመሽ ይመለስ። መምህራን፣ ከበልጉ ፈተና በፊት አንዲት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ስጡ፤ ብልጭታ ቆጥሮ ርቀት ማስላት ደህና የሒሳብ ትምህርት ነው። ወጣቶች፣ መቅረጽ ከፈለጋችሁ ከአስፋልቱ በላይ፣ ከወራጁ ርቆ ያለ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ቅረጹ፤ ያልተገኘ ቪዲዮ ይቅር። የባጃጅና የሞተር አሽከርካሪዎች ደግሞ፣ ዳሞታ ጠቁሮ እያያችሁ እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም፣ ወደ ወራጅ የሚወስድ ኮንትራት አትቀበሉ፤ ውሃ የሞላበት መሻገሪያ ላይ ከደረሳችሁ ገንዘቡን መልሳችሁ ተመለሱ።